ተቃራኒ ቀለሞችን ለልጆች ስለ ማስተማር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆችን ሥዕል የሚያስተምሩ ወላጆችና መምህራን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ከነመልሳቸው ቀርበዋል።

ተቃራኒ ቀለሞች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

በሥዕል ትምህርት ተቃራኒ የሚባሉት በቀለም ክብ ላይ፣ ማለትም ቀለሞች ዙሪያውን በተደረደሩበት ክብ ላይ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀለሞች ናቸው። ለልጆች ሦስት ጥንዶች ይበቃሉ፤ ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ። እነዚህ ጥንዶች ሁለት ጠባይ አላቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል፣ ሲቀላቀሉ ግን አንዱ የሌላውን ድምቀት ያጠፋዋል። ትምህርቱ በሙሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሁለት ጠባዮች ላይ ስለሆነ፣ ልጁ የጥንዶቹን ስም ከመያዙ በፊት ሁለቱንም ጠባዮች በገዛ እጁ ሠርቶ ቢያያቸው ይመረጣል።

ስለ ስሞች ሁለት ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። «ተቃራኒ» የሚለው ቃል አንዳንድ ልጆችን «እንግዲያው አብረው መቀመጥ የለባቸውም» ወደሚል ድምዳሜ ስለሚወስዳቸው፣ ቃሉ በክቡ ላይ ያላቸውን ቦታ እንጂ ጠብን እንደማያመለክት አስቀድሞ መንገር ይበጃል። ሁለተኛው «ሐምራዊ» የሚለው ቃል ነው፤ አንዱ ሰው ሮዝን፣ ሌላው ወይን ጠጅን ይጠራበታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ልጆች ስለሚኖሩ በዚህ ጽሑፍ «ወይን ጠጅ» የሚለው ተመርጧል፤ የትኛውም ቢመረጥ ግን ከቀለሙ ናሙና ጋር አብሮ ቢለጠፍ ክርክር ይቀንሳል።

ሦስቱን ጥንዶች ልጁ ሳይሸመድድ እንዴት ሊያስታውሳቸው ይችላል?

መሠረታዊ የሚባሉት ሦስት ቀለሞች ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መሆናቸውን ካወቀ ጥንዶቹን ራሱ ያወጣቸዋል። ሦስቱን ቀለሞች በወረቀት ላይ በነጥብ ያስቀምጡለትና አንዱን በጣቱ እንዲሸፍን ይጠይቁት፤ የቀሩት ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ቀለም የተሸፈነው ተቃራኒ ነው። ቀዩን ቢሸፍን ቢጫና ሰማያዊ ይቀራሉ፣ እነርሱም አረንጓዴ ይሰጡታል፤ ሰማያዊውን ቢሸፍን ብርቱካናማ፣ ቢጫውን ቢሸፍን ወይን ጠጅ ያገኛል።

ዘዴው ከሽምደዳ የሚሻለው ምክንያቱን አብሮ ስለሚያስተምር ነው። በየትኛውም ጥንድ ውስጥ ሦስቱም መሠረታዊ ቀለሞች ተሟልተው እንደሚገኙ የተረዳ ልጅ፣ ከታች የሚመጣውን የ«ጭቃ» ጥያቄ ግማሹን መልሶታል።

ትምህርቱ በስንት ዓመት ቢጀመር ይሻላል?

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ቀለም ሲቀላቅሉ መደነቃቸው ራሱ በቂ ትምህርት ነው፤ በዚያ ዕድሜ «ተቃራኒ» የሚለውን ቃል ማንሳት አያስፈልግም። ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በኋላ ጥንዶቹን ለይተው ሆን ብለው ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። ተቃራኒን ለጥላና ለማፍዘዝ መጠቀም ግን ትዕግሥትን ስለሚጠይቅ፣ አብዛኞቹ ልጆች ወደ 9 እና 10 ዓመት ሲጠጉ የሚይዙት ነገር ነው። ዕድሜው ግምት ነው፤ እጁ ከብሩሽ ጋር የተላመደ የ7 ዓመት ልጅ ብሩሽ ይዞ የማያውቀውን የ11 ዓመት ልጅ ሊቀድመው ይችላል።

ለመጀመሪያው ትምህርት ምን ምን ያስፈልጋል?

ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም፣ ወፈር ያለ ወረቀት፣ ብሩሽ፣ ነጭ ሳህን፣ ጨርቅና ሁለት የውሃ ዕቃ። ሁለት ዕቃ የሚያስፈልገው አንዱ ብሩሹ መጀመሪያ የሚታጠብበት፣ ሌላው የሚጠራበት እንዲሆን ነው፤ ልጆች «ቢጫዬ ተበላሸ» ብለው ከሚያቀርቡት አቤቱታ አብዛኛው መነሻው የቆሸሸ ውሃ ነው። ሳህኑም ነጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ባለቀለም ሳህን ላይ የተቀላቀለ ቀለም ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሌላ ሆኖ ስለሚታይ ያሳስታል።

አክሪሊክ፣ ቴምፔራና የውሃ ቀለም ሦስቱም ያገለግላሉ። በሰም የተሠራ ክሬዮን ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ በደንብ ስለማይዋሐድ ለቅልቅል ትምህርት አይመከርም። ጥቁር ቀለም ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጠረጴዛው ላይ ባይኖር መልካም ነው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያው ትምህርት በተግባር ምን ይመስላል?

ከንግግር ይልቅ በሙግት ቢጀመር ጥሩ ነው። ከአንድ ሳህን በተቀዳ ብርቱካናማ ቀለም አንድ ወረቀት ሙሉ ይቀባና ሲደርቅ ሁለት እኩል ክቦች ይቆረጡለታል። አንዱ ክብ በሰማያዊ፣ ሌላው በቀይ ወረቀት መካከል ይለጠፍና ልጆቹ ከክፍሉ ጫፍ ሆነው «ከሁለቱ ብርቱካናማው ይበልጥ የሚያበራው የትኛው ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። ሁሉም ሰማያዊው ላይ ያለውን ይጠቁማሉ። ከአንድ ሳህን የተቀዱ መሆናቸው ሲነገራቸው አያምኑም። እኔ ባስተማርኩበት አንድ ክፍል አንዲት ልጅ ተነሥታ ሁለቱንም ክቦች ከወረቀቱ ላይ ላጠችና ጎን ለጎን ይዛ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ታዲያ ዋሽተውኛል!» አለች። ወቀሳው ለእኔ ይሁን ለቀለሞቹ እስካሁን አልገባኝም።

ስያሜውን መናገር የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቹ ክስተቱን አይተው ስም ሲፈልጉለት «እነዚህ ተቃራኒ ይባላሉ» ማለት፣ ስሙን አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ክስተቱን ከማሳየት በእጅጉ ይለያል።

የቀለም ክብ ማሠራት ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም፣ ነገር ግን ጠቃሚ ነው፤ የሚጠቅመው ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ቀላቅለው ሲሞሉት ነው። ቀለሞችን በክብ የማስቀመጥን ሐሳብ አይዛክ ኒውተን በ1704 በታተመው የብርሃን ጥናቱ ውስጥ አቅርቦታል፤ ከዚያ ወዲህ ሠዓሊያን ለየራሳቸው እንዲመች አድርገው ደጋግመው አሻሽለውታል። ታትሞ የተገዛ ክብ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መተው ግን ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ለጀማሪ ባለ6 ክፍል ክብ ይበቃል፤ ባለ12 ክፍሉን ትልልቆቹ ይሥሩት። ባለ12ቱ ጥቅሙ መካከለኛ ጥንዶችንም ማሳየቱ ነው፤ ለምሳሌ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ተቃራኒው ወደ ቀይ ያደላ ወይን ጠጅ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

ልጄ ቀለም ሲቀላቅል ሁልጊዜ ጭቃ ይሆንበታል፤ ምን እያጠፋ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ምንም አላጠፋም፤ ተቃራኒዎችን ቀላቅሏል፣ ወይም ሦስቱን መሠረታዊ ቀለሞች ሳያውቀው አንድ ላይ አግኝቷቸዋል። ቀለም የሚታየን ከሚያርፍበት ብርሃን የተወሰነውን ውጦ የቀረውን ስለሚመልስ ነው። ቀይ ቀለም አረንጓዴውን የብርሃን ክፍል ይውጣል፣ አረንጓዴ ቀለም ደግሞ ቀዩን ይውጣል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የመለሰውን ሌላው ስለሚውጠው ለዓይናችን የሚደርሰው ጥቂት ብርሃን ብቻ ይሆናል። ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀረው ቀለም የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

መምህራን ይህን ጭቃ እንደ ጥፋት ቆጥረው «አትቀላቅሉ» ማለታቸው በእኔ እይታ የዚህ ትምህርት ትልቁ ስሕተት ነው፤ የሠዓሊ ሀብት ያለው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነውና። በተፈጥሮ ውስጥ ከቲዩብ እንደወጣ ቀለም የጠራ ነገር እምብዛም የለም፤ የዛፍ ግንድ፣ ድንጋይ፣ ደመና፣ የደረቀ ሣር፣ የግድግዳ ጥላ ሁሉም ድምቀታቸው የተገታ ቀለሞች ናቸው። ስለዚህ ልጁን ጭቃውን ከመድፋት ይልቅ እንዲመራው ማስተማር ይሻላል። በወረቀቱ በአንድ ጫፍ ንጹሕ ሰማያዊ፣ በሌላው ጫፍ ንጹሕ ብርቱካናማ ይቀባና በመካከላቸው 7 ባዶ ሳጥኖች ይሰመሩለት። ከሰማያዊው በኩል ተነሥቶ በእያንዳንዱ ሳጥን ብርቱካናማውን በብሩሽ ጫፍ ብቻ እየጨመረ ይሂድ። መጀመሪያ ሰማያዊው ይረጋጋል፣ ቀጥሎ የዝናብ ደመና ይመስላል፣ መሐሉ ላይ ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ አፈር ቀለም ይዞራል፣ በመጨረሻ ብርቱካናማው ይነቃል። በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ጥቂት ነጭ ጨምሮ ከሥሩ ሌላ ረድፍ ቢሠራ ደግሞ ጥቁረቱ የደበቀው ልዩነት ሁሉ ይወጣለታል።

ጥቁር ቀለም ይቆይ የተባለውም ለዚህ ነው። ቀይ ፍሬ የሚሥል ልጅ ጥላውን በጥቁር ሲያጠቁረው ፍሬው የተቃጠለ ይመስላል፤ በቀዩ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ጨምሮ ሲያጠቁረው ግን ጥላው ጨለማ ቢሆንም ቀይነቱን አይለቅም። ሁለቱን ፍሬዎች በአንድ ወረቀት ላይ አሥሎ ማወዳደር ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ ያሳምናል።

ቀይና ሰማያዊ ቀላቅለን ወይን ጠጅ ጠብቀን ቡናማ ወጣ፤ ለምን?

ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ስለነበረ ነው። ወደ ብርቱካናማ ያደላ ቀይ በውስጡ ቢጫ እንዳለበት ይቆጠራል፤ ቢጫ ደግሞ የወይን ጠጅ ተቃራኒ ስለሆነ ገና ሲወለድ ያፈዘዋል። ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊም፣ ለምሳሌ የፕሩሺያ ሰማያዊ፣ ይህንኑ ችግር ያመጣል። ጥሩ ወይን ጠጅ ለማግኘት ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ፣ ለምሳሌ ክሪምሰን ወይም ማጀንታ፣ ወደ ወይን ጠጅ ከሚያደላ ሰማያዊ፣ ለምሳሌ ከአልትራማሪን ጋር መቀላቀል ነው። ለተማሪዎች በተዘጋጁ የቀለም ሣጥኖች ውስጥ ያለው ቀይ ብዙውን ጊዜ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ስለሆነ ልጁ ሳይሆን ሣጥኑ ነው የሚወቀሰው።

ተቃራኒዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ለምን ይደምቃሉ?

ዓይናችን ቀለምን ለብቻው አይመዝንም፤ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ነው። አንድ ቀለም ሲቀመጥ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ተቃራኒ ገፋ ያደርገዋል። አረንጓዴ ከጎኑ ያለውን ነገር ወደ ቀይ ይገፋዋል፤ ጎረቤቱ አስቀድሞ ቀይ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። ግፊቱ ከሁለቱም ወገን ስለሆነ ሁለቱም ይደምቃሉ።

ይህን በሥርዓት ያጠናው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ሲሆን፣ ነገሩ የጀመረው ከደንበኞች ቅሬታ ነው። ሼቭረል ከ1824 ጀምሮ በፓሪስ በታወቀው የጎብለን ግድግዳ ምንጣፍ ሥራ ውስጥ የቀለም ማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ጨርቆች ላይ የሚገባው ጥቁር ክር ደብዛዛ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ጥቁሩን ክር ከሌሎች ጋር ሲያወዳድረው ምንም ጉድለት አላገኘበትም፤ ያደበዘዘው ማቅለሚያው ሳይሆን ከጎኑ የተሸመነው ቀለም ነበር። ጥናቱን በ1839 በመጽሐፍ አሳተመው፤ የኋለኞቹ የፈረንሳይ ሠዓሊያንም ከዚህ ብዙ ተምረዋል።

ልጆች ይህን በቀላሉ ሊያዩት ይችላሉ። ትንሽ ግራጫ ወረቀት በትልቅ ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት መካከል ይቀመጥና ሁለቱም ስስ በሆነ ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ወረቀት ይሸፈኑ። ግራጫው ወዲያው ሮዝ ሮዝ ይላል። ስሱ ወረቀት ሲነሣ ሮዝነቱ ይቀንሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ይመለሳል፤ ልጆች ይህን ሳይሰለቹ ደጋግመው ይሠሩታል።

ቀይ ነገር ትኩር ብሎ አይቶ ነጭ ወረቀት ሲመለከት ልጄ አረንጓዴ ነገር አየሁ ይላል፤ ዓይኑ ታሞ ይሆን?

ጤነኛ ዓይን የሚያደርገው ነው። ቀለምን የሚለዩልን በዓይናችን ውስጥ ያሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ናቸው። ልጁ ቀዩን ለ30 ሰከንድ ያህል ሳይነቃነቅ ሲያይ ለቀይ የሚነቁት ሕዋሳት ይዝላሉ፤ ወዲያው ነጭ ሲመለከት የዛሉት ድምፃቸው ስለሚቀንስ ያልዛሉት ጎልተው ይሰማሉ፣ በነጩም ላይ ተቃራኒው ቀለም ይታያል። ምስሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል።

ልጁ በጥንቃቄ ከተጠየቀ ግን ያየው ንጹሕ አረንጓዴ ሳይሆን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ መሆኑን ይናገራል። ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ስለ ኮምፒዩተር በተነሣው ጥያቄ ሥር ያገኙታል። ሐኪሞች በቀዶ ጥገና ክፍል አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ልብስ መልበሳቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ቀይ ደም ያየ ዓይን ወደ ነጭ ጨርቅ ቢዞር ያንን ቅሪት ምስል ያያል፣ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ግን ምስሉ ተውጦ ይቀራል።

ልጄ ተቃራኒዎችን ካወቀ ወዲህ ሥዕሎቹ ዓይን ያደክማሉ፤ ምን ልበለው?

ይህ የመማሩ ምልክት ስለሆነ ቅር አያሰኝም። የሚያደክመው ሁለቱን ቀለሞች በእኩል ስፋትና በእኩል ድምቀት ስለሚያስቀምጣቸው ነው። በተለይ ቀይና አረንጓዴ በብርሃን መጠናቸው ሲቀራረቡ፣ ድንበራቸው የሚንቀጠቀጥ እስኪመስል ድረስ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

መፍትሔው አንዱን ንጉሥ፣ ሌላውን እንግዳ ማድረግ ነው። ሰፊ የተረጋጋ ሰማያዊ መካከል ትንሽ ብርቱካናማ ጀልባ ሥዕሉን ትይዘዋለች፤ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ግን ዓይን የት እንደሚሄድ አያውቅም። በጀርመን በባውሃውስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1919 እስከ 1923 ያስተማረው ስዊዛዊው ዮሃነስ ኢተን ለዚህ መለኪያ ነበረው፤ ቢጫ እጅግ ብሩህ ስለሆነ ከወይን ጠጅ ጋር ሲሆን 1 ለ3፣ ብርቱካናማ ከሰማያዊ ጋር 1 ለ2፣ ቀይና አረንጓዴ ደግሞ እኩል ለእኩል ቢሆኑ ይመዛዘናሉ ይል ነበር። ልጅን በእነዚህ ቁጥሮች ማሰር አያስፈልግም፣ ኢተን እኩል ያላቸው ቀይና አረንጓዴም ሲደምቁ የሚያደክሙት እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን ቢጫ በትንሹም ቢሆን ብዙ እንደሚናገር ማወቁ ይጠቅመዋል። ሁለተኛው መንገድ ከሁለቱ አንዱን በነጭ ማንጣት ወይም በተቃራኒው ጠብታ ማረጋጋት ነው።

ለማሳያ የሚሆኑ የታላላቅ ሠዓሊያን ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?

ለሰማያዊና ብርቱካናማ ክሎድ ሞኔ በ1872 የሣላት የወደብ ላይ የፀሐይ መውጫ ትቀድማለች። ብርቱካናማዋ ፀሐይ በሰማያዊ ግራጫ ጭጋግ መካከል እንደ ፍም ትታያለች። ልጆቹ ሥዕሉን ካዩት በኋላ በስልክ ወደ ጥቁርና ነጭ ተቀይሮ ይታያቸው፤ ፀሐይዋ ከሞላ ጎደል ትጠፋለች። ሞኔ ፀሐይዋን ከሰማዩ ይበልጥ ብሩህ አላደረጋትም፤ የሚያበራት የቀለም ተቃርኖው ብቻ ነው። በአንድ ሥዕል ይህን ያህል የሚያስተምር ሌላ ምሳሌ አላውቅም።

ለቀይና አረንጓዴ የቪንሰንት ቫን ጎህ የ1888 የሌሊት ካፌ አለ፤ ግድግዳው ቀይ፣ ጣሪያው አረንጓዴ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ አረንጓዴ የቢሊያርድ ጠረጴዛ። ሠዓሊው ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ በቀይና በአረንጓዴ የሰውን ልጅ አስፈሪ ስሜቶች ለመግለጽ መሞከሩን ነግሮታል፤ ስለዚህ ከላይ «ዓይን ያደክማል» የተባለው ነገር ሆን ተብሎ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ዓይን ማድከም ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም።

ዦርዥ ሰራ ከ1884 እስከ 1886 የሠራው፣ 3 ሜትር ያህል ወርድ ያለው የደሴት ላይ የእሑድ ዕረፍት ሥዕል በጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ተቃራኒ ቀለሞች ሰፊ ሆነው ሲጎራበቱ ይደማመቃሉ፣ ጥቃቅን ነጥብ ሆነው ከሩቅ ሲታዩ ግን በዓይን ውስጥ ተቀላቅለው ይፈዛሉ። ልጆች ቀይና አረንጓዴ ነጥቦችን ቀላቅለው ከሠሩ በኋላ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ወደ ኋላ እየራቁ ቢያዩት፣ በስንተኛው እርምጃ ላይ ቀለሙ እንደሚሞት መቁጠር ይችላሉ።

ኮምፒዩተር ላይ የቢጫ ተቃራኒ ሰማያዊ ነው ይላል፤ መጽሐፉ ደግሞ ወይን ጠጅ ይላል። ማን ነው ትክክል?

ሁለቱም፣ የየራሳቸውን ጉዳይ ነው የሚናገሩት። ስክሪን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ መነሻዎቹ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ሲሆኑ ተቃራኒዎች ሲደመሩ ነጭ ይሰጣሉ። በዚህ ሥርዓት የቀይ ተቃራኒ ሳያን (በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለ ቀለም)፣ የአረንጓዴ ማጀንታ፣ የሰማያዊ ደግሞ ቢጫ ነው። ልጁ በቅሪት ምስሉ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ያየው ዓይን የሚከተለው ይህን የብርሃን ሥርዓት ስለሆነ ነው።

ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊን መነሻ ያደረገው የሠዓሊያን ክብ ከዘመናዊው የብርሃን ሳይንስ በፊት በብሩሽ ልምድ የተገነባ ነው። ግምታዊ ነው፣ ሳህን ላይ ግን ያገለግላል፤ ማተሚያ ቤቶች ቀይና ሰማያዊን ትተው ማጀንታና ሳያንን የሚጠቀሙት የበለጠ ሰፊ ቅልቅል ስለሚሰጧቸው ነው። ለትንንሽ ልጆች የሠዓሊያኑን ክብ ማስተማር ይበቃል። የ12 ዓመት ልጅ ልዩነቱን ራሱ አስተውሎ ሲጠይቅ ግን «መጽሐፉን ተከተል» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ አስተዋይ ጥያቄ ስለሆነ ከላይ እንደተባለው ሊነገረው ይገባል።

ልጁ ቀይንና አረንጓዴን መለየት ቢያቅተውስ?

በዘር የሚወረስ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል፤ በሰሜን አውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሕዝቦች ከ12 ወንዶች አንዱ፣ ከ200 ሴቶች አንዷ እንዳለባቸው ይገመታል፣ በሌሎች ሕዝቦች መጠኑ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። አረንጓዴ ፀሐይ ወይም ቡናማ ሣር የሣለ ልጅ እየቀለደ ነው ተብሎ ከመወቀሱ በፊት በዓይን ሐኪም ይታይ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ትምህርቱን በሰማያዊና ብርቱካናማ መጀመር ይሻላል፤ አብዛኞቹ ይህን ጥንድ በግልጽ ይለዩታል። ቲዩቦቹ ላይ የቀለሙን ስም መጻፍ፣ እንዲሁም በብርሃንና በጨለማ ልዩነት ላይ እንዲመካ ማድረግ ከሌሎች ጋር እኩል ያራምደዋል።

ልጆች ቡናማ፣ ሮዝ፣ ጥቁርና ነጭ ተቃራኒያቸው ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ ምን ይመለስላቸዋል?

ቡናማ ራሱን የቻለ ቀለም ሳይሆን የጠቆረ ብርቱካናማ ነው፤ ስለዚህ ተቃራኒው ሰማያዊ ነው። ሮዝ የነጣ ቀይ በመሆኑ ተቃራኒው የነጣ አረንጓዴ ይሆናል። ጥቁርና ነጭ በክቡ ላይ ቦታ የላቸውም፤ የሚቃረኑት በብርሃን መጠን እንጂ በቀለም ዓይነት አይደለም። የማንኛውንም ቀለም ተቃራኒ ለማግኘት መጀመሪያ «ይህ ቀለም የማን ልጅ ነው?» ብሎ መጠየቅን ከለመዱ የቀረውን ራሳቸው ይመልሱታል።

የሰውን ቆዳ ሲሥሉ «የቆዳ ቀለም» የሚባለውን ክሬዮን ይፈልጋሉ፤ ተቃራኒ ቀለሞች እዚህ ይረዳሉ?

ከምንም በላይ የሚረዱት እዚህ ነው። የሰው ቆዳ ከጥቁሩ እስከ ነጩ ድረስ ቡናማ ነው ማለት ይቻላል፤ ቡናማ ደግሞ ከላይ እንደተባለው የብርቱካናማ ዘር ነው። ስለዚህ መነሻው ቀይና ቢጫ ተቀላቅለው የሚወጡት ብርቱካናማ፣ ማረጋጊያውና ማጥቆሪያው ሰማያዊ፣ ማንጫው ነጭ ነው። ቀይ ሲበዛ ቆዳው ይሞቃል፣ ቢጫ ሲበዛ ይወረዛል፣ ሰማያዊ ሲጨመር ይጠቁራል፤ ሰማያዊው ጥቂት ከበለጠ ግን ግራጫ ስለሚሆን በጠብታ መጨመር ያስፈልጋል።

ልጁ በገዛ እጁ ጀርባ ላይ እያየ ይቀላቅል። ብሩሹን ከሳህኑ አንሥቶ ቀለሙን በመዳፉ ጀርባ ላይ በነጥብ ይቀባና ነጥቧ ከቆዳው ጋር ተዋሕዳ እስክትጠፋ ድረስ ደጋግሞ ያርም፤ በውሃ የሚታጠብና ለልጆች ቆዳ ጉዳት የሌለው ቀለም መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። ብዙ ልጆች በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሙከራ ይደርሱበታል። ከዚያ የጣቶቻቸው መጋጠሚያ ከመዳፋቸው ጀርባ እንደሚጠቁር ያስተውሉና ሌላ ሰማያዊ ጠብታ ይጠይቃሉ።